ከጎኑ የሚከፈተው ቀሚስ

ሚሊሜትር ለታላቅ እህቱ «ቀሚስ ልስፋልሽ» ያላት፣ ቀዶ ሐኪሙ «የምንከፍተው እዚህ ጋ ነው» ብሎ ግራ ጎኗን በጣቱ ባሳያት ዕለት ነው። ከሆስፒታሉ እንደወጡ ወደ ቤት አልሄዱም፤ በቀጥታ ወደ ልብስ ስፌት ሱቁ ወሰዳትና መስተዋቱ ፊት አቆማት። አንዱን ኩላሊቷን ልትሰጠው ነው። የሷ ምርመራ ሁሉ እሺ ብሏል፤ የቀረው የእሱን ደም ሥሮች በሲቲ ስካን ማየት ብቻ ነበር።

«ወገብ ላይ የሚይዝ ልብስ ቁስልሽን ይፍቀዋል» አላት ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ። «ይሄ ሰፋ ይላል፣ በጎኑ በኩል በቁልፍ ይከፈታል፣ ከውስጥ ለስላሳ ገበር አገባበታለሁ። ነርሷ ቁስሉን ልታይ ስትመጣ ሙሉ ልብስሽን አታወልቂም።»

«ገና ሳልታረድ ቆዳዬን ትለካለህ?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ፣ እትዬ። ስትስቂ ጎንሽ ይንቀሳቀስብኛል።»

እስከዚያ አልሳቀችም ነበር፤ ይህን ሲላት ግን ሳቀች። እሱም እስክትጨርስ ጠብቆ፣ ሐኪሙ ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ዝቅ አድርጎ፣ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረ።

«ሚሊሜትር» ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። የሰፋው ሱሪ አንዱ እግር ከሌላው በፀጉር ያህል ከበለጠ፣ ደንበኛው ለብሶት ቢሄድ እንኳ ተከትሎ መንገድ ላይ የሚያስቆም ሰው ነው። አንዴማ አንዱን ሙሽራ ከመኪና ሊያስወርደው ምንም አልቀረው። በሱቁ ሁለት ሕግ አለ። መቀሱ ወረቀት አይቆርጥም፤ ጨርቅ ባለበትም ምግብ አይገባም። ሁለተኛውን ሕግ ያወጣው ከዓመታት በፊት አንዲት ጠብታ ዘይት ነጭ ቀሚስ ደረት ላይ አርፋ የአንድ ወር ሥራ ካበላሸችበት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጧት በማለዳ ቤት በልቶ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ከውሃ በቀር አፉ የሚገባ ነገር የለም፤ ማታ ሱቁን ዘግቶ እህቱ ቤት ሲደርስ ይበላል።

እህቱ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ዋና ወጥ ቤት ናት። ሠራተኞቹ «እትዬ ጭልፋ» ይሏታል፤ ጭልፋዋ ድስቱ ውስጥ ሲገባ ታች ነክቶ ነው የሚወጣው፣ የማንንም ሳህን በቀጭኑ አልፋ አታውቅም። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እሱ ዐሥራ አንድ። ለትዳር የጠየቋት ነበሩ። «ልጁ ይደግና» እያለች ስታስጠብቃቸው፣ ጠባቂዎቹ የየራሳቸውን ወልደው ሳሙ። አንድ ቀን እንኳ ይህን ስታማርር የሰማ የለም። ልጁ አድጎላታል፣ ሙያ ይዟል፣ ለሷ ያ በቂዋ ነበር።

የልጁ ኩላሊቶች ሥራ ያቆሙት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በሳምንት ሦስት ጧት ማሽን ላይ ተጋድሞ ደሙ ይታጠባል። የግራ ክንዱ ላይ ለእጥበቱ ብለው ያገናኙት ደም ሥር እጅ ሲያርፍበት ይነዝራል፤ እሷም ማታ ማታ ሳህኑን ስታቀብለው መዳፏን ለአፍታ ታሳርፍበታለች። ከነዘረ ሰላም ነው። ካልነዘረ ምን እንደምታደርግ አስባው አታውቅም።

መጀመሪያ የእጥበት ቀን፣ ሁለቱም በድንጋጤ ጆሯቸው በተደፈነበት ሰዓት፣ አንዲት ነርስ ብዙ ነገር ነገረቻቸው። ከነገረቻቸው ውስጥ ይዘው ወደ ቤት የገቡት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ሙዝ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ጨው፣ ውሃ፤ ይሄ አይበላም፣ ያ ይቀነስ። ሚሊሜትር ወረቀቱን እህቱ ምድጃ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ያውም በውሃ ልክ ለክቶ፣ አራቱን ጥግና መሐሉን ሙጫ ቀብቶ፣ በመዳፉ አንድም እብጠት እንዳይቀር እየዳመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወረቀት አንዲት መስመር አልጣሰችም። ድንች እጇ ላይ እንዳለ ሲያይ «አስቀምጪው፣ ሕጉ ያይሻል» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አጥንቱን ያመው ጀመር። ዳሌውን፣ ተረከዙን፣ ጎድኑን። የእጥበት ክፍሉ ሐኪም በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ሚዛናቸውን ስተዋል፣ አንደኛው ሲበዛ ሌላኛው ከአጥንቱ እየተወሰደ ነው ብሎ ትልልቅ ነጭ እንክብል አዘዘለት። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «አንድ አንድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ብሎ ጽፎ ሰጠው፤ ሌላ አላለም፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። እሷ ደግሞ ከሐኪሙ ንግግር ውስጥ የሰማችው አንድ ቃል ነው፤ አጥንት።

አጥንት ከጎደለ አጥንት ነው የሚተካው አለች። ሥጋ አቅራቢው ለፋብሪካው የሚያመጣውን ባለ መቅኔ አጥንት ከጎህ ጀምራ ለብቻ በትንሽ እሳት ትጥደዋለች፤ መቅኔው ወጥቶ መረቁ እስኪነጣ ድረስ። ማታ በፔርሙስ ይዛለት ትመጣለች። በላዩም ወተት፤ በላዩም አይብ። ወረቀቱ ላይ ያልተከለከለ ሁሉ ተፈቅዷል።

እንክብሉንስ? እሱን የሚያህል ታማኝ ዋጪ የትም አይገኝ። ሚሊሜትር ሰዓቱን ሱቁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጻፈ፤ ጧት አራት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ ሊተኛ ሲል። ጣዕሙ የጠመኔዬ ወንድም ነው ይል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማታ ከመረቁ ጋር ሊውጠው ሲያወጣ እህቱ እጁን ያዘችው።

«ከምግብ ጋር? እናታችን ምን ስትል ነበር?»

እናታቸው በመጨረሻ ዓመቷ ክኒን ከምግብ ጋር ስትወስድ ሁሉንም ታስመልስ ነበር። «መድኃኒትና ምግብ አንድ ላይ አይገቡም፣ አንዱ አንዱን ያስወጣዋል» ትል ነበር። ሟች የተናገረችው ደግሞ በነሱ ቤት አይሻርም። ሚሊሜትር እንክብሉን ወደ ካርቶኑ መለሰው፣ ከዚያ ወዲያ ከእህል ጋር አላገናኘውም።

በየወሩ ደሙ ሲመረመር ፎስፈረስ የሚሉት ነገር ከፍ ብሎ ይገኛል። እሱ ሰውነቱን እስኪደማ ያክካል፣ ዐይኖቹ ይቀላሉ። ነርሷ የምርመራ ውጤቱን እያየች «መድኃኒትህን ትዘላለህ» ትለዋለች።

«እኔ? እኔ ልዝለል?» አለ አንድ ቀን፤ ደሙ ሲፈላ እህቱ ያየችው ያን ቀን ነው። «ደቂቃ አላዛነፍኩም፤ መጥተሽ ግድግዳዬን እዪ።»

ነርሷ አላመነችውም። ሐኪሙም አላመነው መሰለኝ፣ አንዱን እንክብል ሁለት አደረገው። ሚሊሜትርም ሁለት ሁለቱን፣ በባዶ ሆዱ፣ በደቂቃው ዋጠ። ከመቶ በሽተኛ ዘጠናው የሚዘለውን መድኃኒት ሳይዘል የወሰደው ሰውዬ ውሸታም ተባለ። እህቱም በዚህ ተናዳ ነርሷን ለሁለት ሳምንት ሰላም አላለቻትም።

የስካኑ ውጤት ቀን ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱንም አስገብቶ በሩን ዘጋ። ጸጥ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

«ይሄ ነጩ አጥንት ነው» አለ ስክሪኑን ወደነሱ እያዞረ። «አከርካሪ፣ ዳሌ። ደም ሥር በዚህ ፎቶ ላይ እንዲህ ነጭ መሆን የለበትም።» ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ ከወገብ ወርደው እንደ ሱሪ ለሁለት የተከፈሉ ሁለት ነጭ መስመሮችን ተከትሎ ወረደ።

«እነዚህስ አጥንት አይደሉም?» አለች።

«አይደሉም፣ እናቴ። ደም ሥሮቹ ናቸው።»

ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ከደም መውጫ ያጣል፤ ካልሲየም ቦታውን ይስታል፤ አጥንት ውስጥ መግባት የነበረበት ነገር ሄዶ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ ለስላሳው ደም ሥርም በዓመታት ውስጥ አጥንት ልሁን ይላል። እሷ ይህን ስትሰማ የታያት የፋብሪካው ትልቁ ማንቆርቆሪያ ነው።

«እንደ ማንቆርቆሪያ ማለት ነው፣ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚያበጀው?»

«ቢሉት ያስኬዳል።»

«እሱንማ እኔ በአቼቶ አፍልቼ አወርደዋለሁ።»

«ለዚህኛው አቼቶ የለንም» አለ ሐኪሙ። አልሳቀባትም።

ሚሊሜትር ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ጎትቶ፣ ዐይኑን አጥብቦ፣ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ይመረምር ነበር፤ ደንበኛ ይዞት የመጣን የተቀደደ ኮት እንደሚያይ።

«ኩላሊቱን የምትሰፉት እዚህ ላይ ነው?»

«አዎ። ደም ሥሩን በመቆንጠጫ ይዤ፣ ከፍቼ፣ የአዲሱን ኩላሊት ደም ሥር እሰፋበታለሁ። ይሄ ግን ሲያዝ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው የማጣህ።»

«ሦስት ጣት ከፍ ቢልስ?»

«አይቼዋለሁ። እስከ ላይ ድረስ እንዲሁ ነው።»

«በሌላኛው ጎን?»

«በሁለቱም።»

ሚሊሜትር ወደ ኋላ ተደገፈ። «ክር የማይዝ ጨርቅ ነዋ» አለ። «ገባኝ። እኔም ብሆን አልቀበለውም።»

እህቱ ግን አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። የሐኪሙን የነጭ ጋዋን እጅጌ ያዘች። «የእኔን ውሰዱት። አንዴ ሞክሩት። እኔ ፈቅጃለሁ፣ ፈርሜያለሁ።»

«ከእርስዎ አውጥቼ የት ላስቀምጠው?» አላት ሐኪሙ።

ይህን የጠየቃት በትሕትና ነው፤ መልስም እየጠበቀ ይመስል ነበር። እሷ እጅጌውን ለቀቀችው። ስድስት ወር ሙሉ ደሟን ሰጥታ፣ ሽንቷን ሰብስባ፣ ክብደት ቀንሺ ስትባል ቀንሳ፣ ጎኗ ውስጥ ያለውን ነገር የሱ ነው እያለች ስትሸከም ከርማለች። አሁን ተመልሶ የሷው ሆነ።

ሐኪሙ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ነው የጠየቀው። «ፎስፈረስህ ዓመታት ከፍ ብሎ ነው የቆየው። እንክብሉን ትወስደው ነበር?»

«ደቂቃ ሳላዛንፍ። አራት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ልተኛ ስል።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምግብ የምትበላውስ መቼ ነው?»

ሚሊሜትር በኩራት ነገረው። ጧት በማለዳ፣ ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፤ ምግብና መድኃኒቱን አንድም ቀን አላገናኘም። ሐኪሙ መናገር ግዴታው ስለሆነ ተናገረ። እንክብሉ ሥራው ከምግቡ ጋር ሆድ ውስጥ ተገናኝቶ ፎስፈረሱን መያዝ ነው። ብቻውን ባዶ ሆድ ከገባ የሚይዘው የለም፤ ራሱ ካልሲየም ስለሆነ ወደ ደም ይገባና ጭማሪ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

«በጽሑፍ ይሰጣችኋል እኮ» አለ። «ወረቀት አልተሰጣችሁም?»

«ወረቀቱማ አለ» አለች እህቱ። «ግድግዳዬ ላይ ነው። በቃሌ ነው የማውቀው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሚሊሜትር ቶሎ ብሎ። «እህቴ የነገረችኝን አልሰማሁም።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው። እሱ አላያትም። ሐኪሙም ይህ አንዱ ምክንያት ብቻ መሆኑን፣ በሽታው ራሱና ስድስቱ የእጥበት ዓመታት ድርሻ እንዳላቸው፣ በትክክል የወሰዱ ሰዎችም እንዲህ እንደሚሆኑ ነገራቸው። ሊያጽናናቸው ይሁን እውነቱ ይሁን አላወቀችም። ከአሁን በኋላ ከምግብ ጋር ይውሰደው፣ የባሰ እንዳይሆን፤ እጥበቱም ይቀጥል። እስከ መቼ ብላ ጠየቀችው። እስከሚችል ድረስ አላት።

ቤቷ ስትደርስ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ግድግዳው ፊት ቆመች። ወረቀቱ ስድስት ዓመት የወጥ ቤት ጢስና እንፋሎት ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል፣ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ስለ እንክብል የሚል መስመር የለበትም። ጨርቅ በፍል ውሃ እየነከረች ጫነችበት። የሚሊሜትር ሙጫ ነውና በቀላሉ አልለቀቀም። ከጥጉ ጀምራ በቢላ ጀርባ እየፈቀፈቀች ስታነሣው በሌላው ፊት ላይ ጽሑፍ አየች። ወረቀቱ ጀርባ ነበረው።

ግማሹ ከግድግዳው ጋር ቀርቷል፤ የቀረው ይነበባል። የፎስፈረስ እንክብል የታዘዘለት በምግብ መሐል ያኝክ፣ ከምግብ ውጭ አይውሰድ ይላል። ከሱ በታች «ፎስፈረስ ያላቸው፣ አይበሉም» ብሎ ወተት ይላል። አይብ ይላል። የአጥንት መረቅ ይላል። ሦስቴ አነበበችው፤ ፊደል እየቆጠረች፣ ምናልባት ሌላ ነገር ይል እንደሆነ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። ጧት ለውጤቱ ቀን ብላ የሞላችው ፔርሙስ እዚያው ነበር። መታጠቢያው ላይ ደፋችው። መረቁ ወፍራም ስለነበረ ሞራው ቱቦው አፍ ላይ ነጭ ሆኖ ረጋ፤ በጣቷ ልታወርደው ሞከረች፣ አልወረደም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለእናቷ ካለቀሰችው በላይ አለቀሰች፤ እናቷን እሷ አልገደለቻትም።

በአራተኛው ቀን፣ እጥበት በሌለበት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ሩዝና ትንሽ ዶሮ፣ ያለ ጨው፣ ያለ መረቅ፣ በሳህን ክዳን ገጥማ ይዛ ወደ ሱቁ ሄደች። በሩ ላይ ቆመች። በዚያ ደፍ ምግብ አልፎ አያውቅም።

ሚሊሜትር ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ግራጫ ጨርቅ ቀስ ብሎ ጠቀለለና መደርደሪያው ላይ ሰቀለው፣ ቦታ አደረገላት።

መብላት ጀመረ። ሦስተኛውን ጉርሻ ሲያነሣ እንክብሉን አቀበለችው፤ ከሩዙ ጋር አኘከው። ሲያኝክ ይሰማት ነበር።

«ጣዕሙ እንዴት ነው?» አለችው።

«ሩዝሽን አበላሸው።» ውሃ ተጎነጨ። «ወረቀቱን ከግድግዳው አንሥተሻል። ማታ ቦታውን አየሁት።»

«ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ወንድሜ። ሁሉም ተጽፏል። መረቁ ሳይቀር።»

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አራቱን ጥግ።»

«ከምግብ ጋር አትውሰድ ብዬ እጅህን የያዝኩት እኔ ነኝ። መረቁን የጠጣኸው ከኔ እጅ ነው። ሐኪሙ ፊት ለምን ዋሸህ?»

ሚሊሜትር ማንኪያውን አስቀመጠ። «ለማያውቅሽ ሰው አሳልፌ አልሰጥሽም» አለ። «በኛ መካከል ግን እኩል ነን። አንዲት ሚሊሜትር አትበልጪኝም።»

ከዚያ ተነሥቶ ከማንጠልጠያው ላይ አንድ ልብስ አወረደ። ቀሚሱ ነው። ሙሉ በሙሉ አልቋል። ከስካኑ በፊት ያልተተከሉት ቁልፎች ተተክለዋል፤ የተከላቸው ከስካኑ በኋላ ነው ማለት ነው። «ልተርትረው አስቤ ነበር» አለ። «መቀሱን አንሥቼ አስቀመጥኩት። አንቺ በይ፤ ጎኑን ልዝጋው?»

«ተወው» አለች።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለበሰችው። ልክክ አለላት፤ የትም አይይዝም፣ የትም አይንዘላዘልም። ወጥታ መስተዋቱ ፊት ስትቆም እሱ በልማዱ ተጎንብሶ ጠርዙን አየ፣ ትከሻዋን አየ፣ ከዚያ ወደ ግራ ጎኗ መጣ። አራቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ ገበሩ በትክክል ተኝቶ እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ ያረፈው ጠመኔ ባሰመረበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ያለው ቆዳ ሙሉ ነበር፣ ጭረት እንኳ የለበትም።

«አልፈቀሽም?» አላት።

«አልፈቀኝም» አለችው። እሱም ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ መልሶ ቆለፋቸው፤ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ሊጨርስም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።